ቀዝቃዛው ማሽን ለምን ዜና አይሆንም?

ከሟች ለጋሽ የተወሰደ ጉበት ወደ ተቀባዩ ሆስፒታል የሚጓዘው በምንድን ነው? መቼስ ዘመኑ የሮኬት ዘመን ነው፤ መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበት፣ ኮምፒውተር የሚቆጣጠረው ዕቃ ሊመስለን ይችላል። ለአሥርት ዓመታት የነበረው፣ ዛሬም በብዙው የዓለም ክፍል ያለው መልስ ግን ይህ ነው፦ በላስቲክ ከረጢት ተደርጎ በበረዶ ሣጥን። ለሽርሽር ስንወጣ ለስላሳ ከምንይዝበት ሣጥን ብዙም በማይለይ ሣጥን።

እኛ ዛሬ የምንሟገተው ስለዚያ ሣጥን ነው። ሣጥኑን የሚተካ ነገር ከተገኘ ከራርሟል። የተገኘውም አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ ሙቅ ማሽንና ቀዝቃዛ ማሽን። ሙቁ ዜና ሆነ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ገበያ ወጣ፣ በቢሊዮን ዶላር ተዋዋሉበት። ቀዝቃዛው ግን አሠራሩ ቀላል፣ ወጪው አነስተኛ፣ ማስረጃው ጠንካራ ሆኖ ሳለ ከሐኪሞች ጉባኤ ውጪ ስሙን የሚያነሳለት የለም። ይህ በአጋጣሚ የሆነ ነገር አይደለም እንላለን። ዜና የምንመርጥበትና ቴክኖሎጂ የምናደንቅበት ልማድ ውጤት ነው። ልማዱ ደግሞ ሰው ያስከፍላል።

(ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወደእኛ መልሱ ብላችሁ አታስጨንቁን።)

የበረዶው ውለታ፣ የበረዶው ዕዳ

በረዶውን ከመውቀሳችን በፊት ውለታውን እናንሳ። ቶማስ ስታርዝል የተባለው አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በ1963 ዴንቨር ላይ የመጀመሪያውን የሰው ጉበት ንቅለ ተከላ ሲሞክር ታካሚው ሕፃን ከቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ በሕይወት አልተነሳም። ስታርዝል የተሳካ ውጤት ያገኘው በ1967 ነው። በ1980ዎቹ ደግሞ ፎልከርት ቤልዘርና ጄምስ ሳውዛርድ የተባሉ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጉበትን ከበረዶ ጋር ተባብሮ የሚያቆይ ፈሳሽ ቀመሙ። ያ ፈሳሽ ሰዓት ሰጠ። ለጋሹ በአንድ ከተማ፣ ተቀባዩ በሌላ ከተማ ሆነው ንቅለ ተከላ መሥራት ተለመደ። በዚህ ምክንያት ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው ብዙ ነው። ለውለታው እናመሰግናለን።

ነገር ግን በረዶ ሞትን ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። ጉበት ወደ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ የሕዋሳቱ ሥራ ከተለመደው አንድ አሥረኛ ገደማ ይደርሳል። አንድ አሥረኛ ማለት ግን ዜሮ ማለት አይደለም። ኦክስጅን የለም፤ ፍጆታው ግን በቀስታ ይቀጥላል። ሕዋሳቱ ጉልበት የሚያከማቹበት ኤ.ቲ.ፒ. የተባለው ንጥረ ነገር ይሟጠጣል። ሳክሲኔት የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ደግሞ ሳይቃጠል ይጠራቀማል። ከውጪ ለሚያየው ጉበቱ ቀዝቅዞ፣ ተረጋግቶ ተኝቷል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ማለት ይህ ነው።

መዘዙ የሚወጣው ጉበቱ ተሰፍቶ የተቀባዩ ሙቅ ደም ድንገት ሲለቀቅበት ነው። የተጠራቀመው ሳክሲኔት ባንድ ጊዜ ይቀጣጠላል። የሕዋሱ የኃይል ማመንጫ የሆነው ማይቶኮንድሪያ ጉልበት በማምረት ፈንታ ሕዋሱን የሚያቃጥሉ የኦክስጅን ቅንጣቶችን ይተፋል። ጉዳቱ ከጉበቱ አልፎ ወደ መላ ሰውነት ሊዛመት ይችላል፤ አንዳንዴ እዚያው ጠረጴዛው ላይ የታካሚው የደም ግፊት ይወርዳል።

በእኛ አገር ቋንቋ እናስረዳው። ሁዳዴን ሙሉ የጾመ ሰው በፋሲካ ሌሊት ምን ያደርጋል? ልምድ ያለው ሰው ዘሎ ጥሬ ሥጋ ላይ አይወጣም። መጀመሪያ ተልባ ቢጤ ይጠጣል፣ ሆዱን ያለሰልሳል፣ ቀስ ብሎ ወደ ዶሮው ይሄዳል። ይህን ያላደረገ በበዓል ማግስት የት እንደሚገኝ የሰፈር ክሊኒኮች ያውቃሉ። የበረዶ ሣጥን ማለት እንግዲህ ጉበትን አስጹሞ አስጹሞ፣ ያለ ተልባ በቀጥታ ቁርጥ ላይ የሚያስቀምጥ ዘዴ ነው።

ተልባው

ቀዝቃዛው ማሽን ተልባው ነው። ሥራው ለማመን የሚያስቸግር ቀላል ነው። ፓምፕ አለ። ደም የሌለበት፣ ለዚሁ ተብሎ የተቀመመ ፈሳሽ አለ። ፈሳሹን የሚያቀዘቅዝና ኦክስጅን የሚያጠግብ ክፍል አለ። ጉበቱ በተለመደው የበረዶ ሣጥን ተቀባዩ ሆስፒታል ይደርሳል፤ እዚያ ማሽኑ ላይ ይቀመጣል። ፈሳሹ 10 ዲግሪ ገደማ ሆኖ፣ በዝቅተኛ ግፊት፣ ከአንጀት ወደ ጉበት ደም በሚያመጣው ፖርታል በተባለው ደም መልስ በኩል ይገባል። አንዳንዶቹ በደም ቅዳውም ጭምር ያስገቡታል። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይዘዋወራል። በቃ።

በነዚያ ሰዓታት ውስጥ ግን ትልቅ ነገር ይሆናል። ጉበቱ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ማይቶኮንድሪያው የሚነሳው ቀስ ብሎ ነው። የተጠራቀመውን ሳክሲኔት ያለ ግርግር ያቃጥላል። የተሟጠጠውን ኤ.ቲ.ፒ. መልሶ ይሞላል። ሙቁ ደም በመጨረሻ ሲመጣ የሚያገኘው የተራበና የደነገጠ ጉበት ሳይሆን የተዘጋጀ ጉበት ነው።

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። ያው ቤልዘር በ1960ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለኩላሊት ቀዝቃዛ ማሽን ሠርቶ ነበር። ለጉበት በሰው ላይ የተሞከረውን የመጀመሪያውን ተከታታይ ውጤት፣ 20 ታካሚዎችን፣ ጄምስ ጓሬራና ባልደረቦቹ ከኒው ዮርክ ያሳተሙት በ2010 ነው። የዙሪኮቹ ፊሊፕ ዱትኮቭስኪና ፒየር አላን ክላቪየን በ2014 ኦክስጅን የጠገበውን ዓይነት ልባቸው ቆሞ ከሞቱ ለጋሾች በተገኘ ጉበት ላይ ያዩትን አሳተሙ። ቁጥር አስሉ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ነው። ከእኛ ስንቶቻችን ሰማን?

ቁጥሩ ይናገር

«ቀላል ነው» ማለት ብቻውን ክርክር አይደለም። ቀላል ሆኖ የማይሠራ ብዙ ነገር አለ። ስለዚህ ወደ ቁጥር እንሂድ።

ልቡ ቆሞ ከሞተ ለጋሽ የሚገኝ ጉበት ትልቁ ጣጣው ሐሞት ላይ ነው። ልቡ እየደከመ ሄዶ እስኪቆም፣ ከዚያም ሐኪሞቹ ጉበቱን እስኪያቀዘቅዙ ባለው ጊዜ ውስጥ የሐሞት ቱቦዎቹ ይጎዳሉ። ንቅለ ተከላው ተሳካ ተብሎ ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ ቱቦዎቹ እዚህም እዚያም ይጠባሉ። ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ እናቶቻችን የወፍ በሽታ የሚሉት ዓይነት ቢጫ። ትኩሳት ይመላለሳል። ቱቦ ማስፋት፣ እንደገና ማስፋት፣ ሲብስም ሁለተኛ ንቅለ ተከላ። አንድ ጉበት ለማግኘት ወረፋ የጠበቀ ሰው ለሁለተኛ ጉበት እንደገና ወረፋ ይይዛል።

በሆላንዷ ግሮኒንገን ሮበርት ፖርተ የመሩት ቡድን ይህን ጥያቄ በዕጣ በተከፋፈለ ጥናት ፈተሸው። በሆላንድ፣ በቤልጂየምና በብሪታንያ ያሉ ስድስት ማዕከላት ተሳተፉ። 156 ሰዎች ጉበት ተተከለላቸው፤ ግማሾቹ፣ 78ቱ፣ በበረዶ ብቻ የቆየ ጉበት፤ ሌሎቹ 78ቱ ከበረዶው በኋላ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀዝቃዛው ማሽን ላይ የቆየ ጉበት። ውጤቱ በ2021 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜድስን ታተመ። በስድስት ወር ውስጥ ምልክት ያሳየ የሐሞት ቱቦ መጥበብ ከበረዶዎቹ በ18 በመቶው፣ ከማሽኖቹ በ6 በመቶው ላይ ታየ። ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ ማለት ነው። ሙቁ ደም ሲለቀቅ የሚመጣው የደም ግፊት መውረድ ከ27 በመቶ ወደ 12 በመቶ ወረደ። ጉበቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በወጉ ያለመሥራቱ ነገርም ከ40 በመቶ ወደ 26 በመቶ።

በሁለት ሰዓት! በፓምፕና በቀዝቃዛ ፈሳሽ!

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ኮክሬን የጉበት ማሽኖችን ሁሉ በአንድ ሚዛን አስቀመጣቸው። ፍርዱ ግልጽ ነበር። ኦክስጅን የጠገበው ቀዝቃዛ ማሽን ከበረዶ ሣጥን ይልቅ የተተከለውን ጉበት ዕድሜ እንደሚያሻሽልና ከባድ ጉዳቶችን እንደሚቀንስ ማስረጃው ያሳያል። ስለ ሙቁ ማሽን ግን እንዲህ ያለ ብልጫ ማሳየት አልተቻለም።

ሳናጋንን ደግሞ የሚቃወመንንም እንጥቀስ። አእምሯቸው ሞቶ ልባቸው ከሚመታ ለጋሾች በተገኙ ጉበቶች ላይ የተሠራና 170 ታካሚዎችን ያካተተ የቀዝቃዛው ማሽን ጥናት በ2023 ሲታተም፣ በዋናው መለኪያው በማሽኑና በበረዶው መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ «ለሁሉም ጉበት ሁልጊዜ» አንልም። የምንለው፣ በጣም የተጎዳው ጉበት ላይ፣ ማለትም እርዳታው በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ፣ ቀዝቃዛው ማሽን ሥራውን አስመስክሯል ነው።

ሙቁ ማሽንና ጋዜጠኛው

አሁን ወደ ጠባችን እንምጣ።

በ2013 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የሠሩት ሙቅ ማሽን ለንደን በሚገኘው ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ንቅለ ተከላ ላይ ዋለ። ጉበቱ በሰውነት ሙቀት፣ በደም እየታጠበ፣ ሐሞት እያመነጨ ከሰውነት ውጪ «ይኖራል»። ዜናው ዓለምን ዞረ። ለምን አይዞር? ቀይ ጉበት በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ደም በቱቦ ሲመላለስ፣ ከዚህ የተሻለ ፎቶ የት ይገኛል? «ከሰው ውጪ በሕይወት ያለ ጉበት» የሚል ርዕስ ራሱን ይጽፋል። «ቀዝቃዛ ፈሳሽ ለሁለት ሰዓት ተዘዋወረ» ለሚል ርዕስ ግን የትኛው አዘጋጅ ነው ቦታ የሚሰጠው?

ጋዜጠኝነት ስንማር ዜና ማለት ያልተለመደ ነገር ነው ተብለናል። ውሻ ሰው ነከሰ፣ ሰው ውሻ ነከሰ፤ ያቺን ምሳሌ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ለስፖርት ትሁን፣ ለሰፈር ወሬም ትሁን። ለሕክምና ዜና ግን መርዝ ናት። በሕክምና ትልቁ ነገር ብዙ ጊዜ አሰልቺ ነው። እጅ መታጠብ አሰልቺ ነው። ስኳርና ጨው በውኃ በጥብጦ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ማጠጣት አሰልቺ ነው። ስንት ሕፃን እንዳተረፉ ግን ማንም የጤና ባለሙያ ይነግራችኋል። ቀዝቃዛው ማሽን የዚያ ቤተሰብ ልጅ ነው። መልከ ቀና አይደለም፤ ሥራው ግን አይታማም።

ሙቁን ማሽን ከንቱ ነው አንልም። በ2018 ኔቸር ላይ የወጣው ትልቁ የአውሮፓ ጥናት ሙቁ ማሽን የሚጣሉ ጉበቶችን ቁጥር በግማሽ እንደቀነሰና የማቆያውን ሰዓት እንዳራዘመ አሳይቷል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሐኪሙ ጉበቱን ሞቆ ሲሠራ አይቶ «ይሆናል፣ አይሆንም» ማለት መቻሉም ጥቅም ነው። ከለጋሹ ሆስፒታል ጀምሮ እየሞቀ የሚጓዘው ሌላው ማሽንም በ2022 በወጣ ጥናት የሐሞት ቱቦ ችግርን ቀንሶ ታይቷል።

ነገር ግን ያው የ2018 ጥናት በጉበቱ ዕድሜ፣ በታካሚው ዕድሜና በሐሞት ቱቦ ችግር ላይ ልዩነት አላገኘም። ይህን ክፍል ስንት ዜና ዘገበው? በ2020 በርሚንግሃም ውስጥ ሁሉም ማዕከላት አንፈልግም ያሏቸው 31 ጉበቶች ሙቁ ማሽን ላይ ተፈትነው 22ቱ ተተከሉ። ተቀባዮቹ ሁሉ ከ90 ቀን በኋላ በሕይወት ነበሩ። ድንቅ ነው፤ ልባችን ሞቀ። ከ22ቱ አራቱ ግን ውለው አድረው በሐሞት ቱቦ መጥበብ ምክንያት እንደገና ንቅለ ተከላ አስፈለጋቸው። በረዶው ያበላሸውን ሙቀቱ አላዳነውም። ግሮኒንገኖች ይህ ገብቷቸው የተጣሉ ጉበቶችን ሲፈትኑ በቀዝቃዛው ይጀምራሉ፣ ቀስ ብለው ያሞቃሉ፣ ከዚያ በሙቁ ይፈትናሉ። ሙቁን የሚጠቀሙትም እንኳ ተልባውን አስቀድመዋል!

«ቀዝቃዛው ጉበቱን ለመመዘን አያስችልም» የሚለው ክስም እንደ ድሮው አይደለም። ዙሪኮች ከተጎዳ ማይቶኮንድሪያ ወደ ፈሳሹ የሚፈሰውን ኤፍ.ኤም.ኤን. የተባለ ንጥረ ነገር በብርሃን እየለኩ የጉዳቱን መጠን ለመገመት የሚያስችል ዘዴ በ2019 አሳትመዋል። «ሰዓት አይሰጥም» የሚለውም እንዲሁ። ግሮኒንገኖች በቀዝቃዛው ማሽን ጉበት ወደ 20 ሰዓት ገደማ አቆይተው ተክለዋል። ትርጉሙ ገብቷችኋል? በእኩለ ሌሊት፣ ዓይኑ በቀላ ሐኪም መሠራት የነበረበት ቀዶ ሕክምና ጠዋት፣ ተኝቶ ባደረ ሐኪም ይሠራል።

ገንዘቡ የት ሄደ?

የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2021 ሁለት የጉበት ማሽኖችን አጸደቀ። አንዱ መስከረም ላይ፣ ሌላው ታኅሣሥ ላይ። ሁለቱም ሙቅ ናቸው። በዚያው ዓመት ነው እንግዲህ ከሆላንድ የወጣው የቀዝቃዛው ማሽን ውጤት በዓለም ትልቁ የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመው። ከሁለቱ የሙቅ ማሽን ኩባንያዎች አንዱ በ2023 የአቪዬሽን ድርጅት ገዝቶ አውሮፕላን አቀረበ። ሌላውን፣ የኦክስፎርዱን፣ የጃፓኑ ቴሩሞ በ2025 በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ተስማማ።

እኛ ሰው ለምን ነገደ አንልም። ይነግድ። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ሙቁ ማሽን ለእያንዳንዱ ጉበት ደም ይፈልጋል፤ አንዴ ተሠርቶበት የሚጣል ውድ ዕቃ ይፈልጋል፤ ዓይኑን የማይነቅል ባለሙያ ይፈልጋል። ብዙ የሚያስወጣ ነገር ለሻጩ ብዙ የሚያስገባ ነገር ነው። ብዙ የሚያስገባው ደግሞ ማስታወቂያ አለው፣ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል አለው፣ ለጋዜጠኛ የሚላክ ቪዲዮ አለው። ቀላሉ ነገር ቪዲዮ የሚልክለት የለም። የእኛ ሙያ ሥራው ቪዲዮ የማይላክለትን ፈልጎ ማግኘት ካልሆነ ምንድን ነው? የተላከልንን መለጠፍ ከሆነማ ለዚያ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ማጣበቂያ ይበቃል።

«ይኼ ደግሞ የእኛ ጉዳይ ነው?»

እስከዚህ ያነበባችሁት ግማሾቻችሁ ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ነው። አገር ቤት ስንት ያልተሟላ ነገር እያለ የሆላንድ ጉበት ምን አገባን?

መጀመሪያ ሐቁን እንናገር። አዲስ አበባ በሚገኘው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ2015 የተጀመረው ንቅለ ተከላ የኩላሊት ነው፤ ለጋሾቹም በሕይወት ያሉ የቤተሰብ አባላት ናቸው። ጉበቱ ያለቀበት ወገናችን አቅም ካለው ወደ ሕንድ ይሄዳል። አቅም የሌለው ፎቶው በመኪና ላይ ተለጥፎ፣ በድምፅ ማጉያ «ወገን ድረሱልኝ» እየተባለለት በየመንገዱ ይለመንለታል። በሕይወት ካለ ሰው ቆርጦ ለሚተከል ጉበት ደግሞ ይህ ማሽን ያን ያህል አያሻም፤ ለጋሹና ተቀባዩ ጎን ለጎን ናቸውና። ማሽኑ የሚጠቅመው ከሟች ለሚገኝ ጉበት ነው። ስለዚህ «ነገ ማሽኑ ይገዛልን» ብለን አናላግጥም።

ጉዳዩ የእኛ የሚሆነው ግን በሦስት መንገድ ነው።

አንደኛ፣ ዋሽንግተንም፣ ለንደንም፣ አምስተርዳምም የሚኖር ወገን አለን። እዚያ ያለ ሰው ሲታመም ወረፋ የሚይዘው እዚያ ነው። ወረፋው ደርሶ ስልክ ሲደወልለት «ጉበት ተገኝቷል፤ ለጋሹ ልቡ ቆሞ የሞተ ነው፤ ትቀበላለህ?» ይባላል። እሺ ወይም እንቢ ለማለት ያለው ጊዜ አጭር ነው። «ጉበቱ በምን ቆየ? በበረዶ ብቻ ነው ወይስ ማሽን ላይ ወጥቷል?» ብሎ መጠየቅ የሚችል ሰውና ጥያቄው መኖሩን የማያውቅ ሰው እኩል አይደሉም። ይህን ጥያቄ በአማርኛ ማን ነግሮት ያውቃል?

ሁለተኛ፣ ስለ መብራት እናውራ። አዎ፣ ስለ መብራት! ጉበቱ በሰውነት ሙቀት ላይ እያለ ሙቁ ማሽን ቢቆም ምን ይሆናል? ሙሉ ፍጆታ ላይ ያለ ጉበት ኦክስጅን ይቋረጥበታል፤ ደቂቃዎች ናቸው የሚቆጠሩት። ቀዝቃዛው ማሽን ቢቆምስ? ጉበቱ ያው ቀዝቃዛ ነው፤ ሐኪሙ ወደ በረዶው ይመልሰዋል፤ የከፋ ቢመጣ ወደ ድሮው ዘዴ ተመለሰ ማለት ነው። አንዱ ማሽን ሲበላሽ ጉበት ይዞ ይሄዳል፤ ሌላው ሲበላሽ ጥቅሙ ብቻ ይቀራል። መብራት ሲጠፋ ሻማ ፍለጋ የሮጠ ትውልድ ይህን ልዩነት ለመረዳት ኢንጂነር መሆን የለበትም። ቴክኖሎጂን ስንመዝን «ሲሠራ ምን ያደርጋል?» ብቻ ሳይሆን «ሲቆም ምን ያደርጋል?» ብለን መጠየቅ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። ለጉበትም፣ ለሆስፒታል ጄኔሬተርም፣ ለመጋዘን የክትባት ማቀዝቀዣም ያው ጥያቄ ነው።

ሦስተኛ፣ ነገ የሚባል ነገር አለ። ከሟች የሚገኝ የዓይን ብሌን አገራችን ውስጥ መተከል ከጀመረ ቆይቷል፤ የዓይን ባንክ አለን። «ሬሳ አይነካም» ሲባል በኖረበት አገር ሰዎች ዓይናቸውን ተናዘው ሄደዋል፣ ሌሎች አይተዋል። የቀረውም ቀን ይመጣል። ያ ቀን ሲመጣ ሻጮች በሻንጣ ካታሎግ ይዘው ቀድመው ይደርሳሉ። የሚያምረውን፣ የሚያበራውን፣ የሚወደደውን ያሳያሉ። ከዚያ ዕቃ ተገዝቶ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ መለዋወጫ ታጥቶ፣ ላስቲኩ ሳይነሳ መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል። ይህን ፊልም አይተነዋል፤ በየሆስፒታሉ አይተነዋል። ቀላሉ፣ የተፈተነው፣ ሲቆም የማይገድለው አማራጭ መኖሩን ዛሬ ያላወቀ ሕዝብ ነገ ምን ብሎ ይጠይቃል?

አደራ

አንድ ነገር እንጨምርና እንጨርስ። ጉበት የሚለግስ ቤተሰብ ሰው በሞተበት ሰዓት፣ ገና እንባው ሳይደርቅ፣ «እሺ» የሚል ቤተሰብ ነው። በአማርኛ ለዚህ አንድ ቃል አለ፤ አደራ። ያ ጉበት ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የሐኪሙም፣ የሆስፒታሉም፣ የመንግሥትም ንብረት አይደለም። አደራ ነው። አደራ የተሰጠው ሰው ደግሞ ሊጠብቅበት የሚችለውን እያወቀ ካልጠበቀበት ስም አለው፤ አደራ በላ ይባላል።

ማሽኑ ባልተፈለሰፈበት ዘመን በበረዶ ያቆየ ሐኪም አደራ በላ አይደለም። ያለውን ነው ያደረገው። ማስረጃው ታትሞ፣ መሣሪያው ተሠርቶ፣ አቅሙ እያለ ዛሬም ልቡ ከቆመ ለጋሽ ያገኘውን ጉበት በበረዶ ብቻ አቆይቶ የሚተክል ሀብታም አገር ግን «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሠራው» ከማለት የተሻለ መልስ ሊኖረው ይገባል። ልማድ ማስረጃ አይደለም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ገንዘብ ያላቸው የጤና ሥርዓቶች ልቡ ከቆመ ለጋሽ ለሚገኝ ጉበት ቀዝቃዛውን ማሽን እንደ ትርፍ ነገር ሳይሆን እንደ መደበኛ ሥራ ይቁጠሩት፤ ወጪውንም ሕሙማን ላይ ሳይሆን ካዝናቸው ላይ ያድርጉት። ውጭ አገር ወረፋ ላይ ያላችሁ ወገኖች፣ ጉበቱ በምን እንደቆየ ጠይቁ፤ መጠየቅ መብት ነው፣ ሐኪም አያስቀይምም። የሙያ ጓደኞቻችን ጋዜጠኞች ደግሞ የሕክምና ዜና ስትተረጉሙ ሦስት ነገር ሳታገኙ አትልቀቁት፦ ከምን ጋር ተወዳደረ? ስንት ሰው ላይ ተሞከረ? ወጪው ስንት ነው? እነዚህ ሦስቱ የሌሉበት ዜና ማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ ደግሞ ይከፈልበታል እንጂ በነፃ አይሠራም።

ሙቁ ማሽን ፎቶውን ይነሳ። አይከፋንም። ቀዝቃዛው ደግሞ ቦታውን ያግኝ።